ለባሕር ዳርቻ አበባ ስንት ኪሎ ጨው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ቤቴ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ኔዘርላንድ ያለችው ልጄ በደብዳቤ ፖስታ የአበባ ዘር ላከችልኝ። ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ጭቃ ላይ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ነው አለችኝ። በየቀኑ በሳይክል ስታልፍ ስለምታየው እኔም ግቢዬ ውስጥ እንዳየው ፈልጋ ነው። ወረቀቱ ላይ አስተር ትሪፖልየም ይላል። ባሕር ባይኖረንም ጨው አይጠፋም ብዬ በ20 ሊትር ጀሪካን 1 ኪሎ የገበታ ጨው እየበጠበጥኩ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአንድ ወር አጠጣሁት። አንድም አልበቀለም። መደቡ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ከጎኑ ያለው ጽጌረዳም ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ ነው። ጨው አንሶት ይሆን? ስንት ልጨምር? ቅጠሉም ይበላል ብላኛለች፣ እውነት ነው?»

እናቴ፣ ጨው አላነሰውም። ይህን እንዳነበቡ ጀሪካኑን ያስቀምጡት፤ ከእንግዲህ ያ መደብ አንድ ቁንጥር ጨው እንኳ እንዳያይ። «ባሕር ባይኖረንም ጨው አይጠፋም» ያሉትን ሳነብ ስቄ ነበር። ጽጌረዳው ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ተወኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል። እርስዎ 1 ኪሎ በ20 ሊትር ሲበጠብጡ ለአንድ ሊትር የደረሰው 50 ግራም ነው። ባሕር የለንም ብለው ከባሕር የባሰ ባሕር ሠርተዋል። ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ደግሞ ውሃው በወንዙ ስለሚቀጥን ጨውነቱ ከ35ም ዝቅ ይላል። በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ወር ማለት ስምንት ጀሪካን፣ ስምንት ኪሎ ጨው ነው፤ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ወጥ ሊሠራበት የሚችል። የመደቡን ስፋት አልጻፉልኝም። የበር ያህል፣ ሁለት ካሬ ቢሆን በእያንዳንዱ ካሬ ላይ አራት ኪሎ ወርዶበታል።

ከመጠኑ ይልቅ የከፋው ግን ጨው መውጫ ማጣቱ ነው። ባሕር ዳር ያለው ጨው ይመጣል፣ ይሄዳል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላና ጭቃውን ይሸፍናል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ይሸሻል፣ ሲሸሽም ካመጣው ጨው አብዛኛውን ይዞት ይመለሳል። ከላይ ዝናብ ያጥበዋል፣ ከኋላ የወንዙ ጨው የለሽ ውሃ ይገፋዋል። እርስዎ ግቢ ውስጥ ግን በዚህ በበጋ ፀሐይ ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። የሰኞው ላይ የሐሙሱ፣ የሐሙሱ ላይ የሚቀጥለው ሰኞ ይደራረባል። ገበያ ላይ የምንገዛው ጨው አብዛኛው አፋር ካለው አፍዴራ ሐይቅ የሚወጣ ነው። እንዴት እንደሚመረት ያውቁ ይሆናል፤ ጨዋማውን ውሃ በሰፊ ገንዳ በስሱ ያሰጡትና ፀሐይዋ ውሃውን ስትወስደው ነጩ ይቀራል። ያ ከመደብዎ ላይ የወጣው ነጭ ነገር እሱው ነው። ከአፍዴራ የመጣውን ጨው አሟሙተው ቱሉ ዲምቱ ላይ እንደገና አመረቱት።

አሁን ወደ አበባው። ልጅዎ የምታየውን እኔም በቦታው አይቼዋለሁ። ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ አገር በሄድኩ ጊዜ ዜላንድ በሚባለው ግዛት፣ የስኸልደ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ዳርቻ፣ ሳፍቲንገ ወደሚባል ረግረግ ወሰዱን። በ16ኛው መቶ ዘመን ሰው የሚያርሰው፣ መንደር ያለበት መሬት ነበር፤ ከዚያ ባሕር ዋጠው፣ እስከ ዛሬም «የሰጠመው ምድር» ይሉታል። ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ያለው የከፍታ ልዩነት 5 ሜትር ያህል ነው። ረጅም ቦቲ አድርገን ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ገባን። ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፣ ለመንቀል ሁለት እጅ ይፈልጋል። ተክሉ ከጉልበት ከፍ ይላል፣ ግንዱ ወደ ታች ቀላ ያለ ነው። ቅጠሉ ረዘም፣ ጠበብ፣ ለስለስ ያለ ሆኖ ወፍራም ነው። እንደ እሬት አይወፍርም፣ ግን ሲቀነጥሱት ቀጭ ይላል፣ ጣት ላይም ውሃ ይተዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ባሕሩ የተወው ግራጫ ደለል እንደ ሊጥ ደርቆባቸው ነበር፤ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ በዚያ መስመር ይታወቃል። ከመስመሩ በላይ አበባው አለ፤ ዙሪያውን ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ መሐሉ ቢጫ። ንቦች ሰፍረውበታል። ከእነሱ መካከል አንዲት የዱር ንብ ዝርያ አለች፣ ጎጆዋን በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ቆፍራ ለልጆቿ የምትሰበስበው የአበባ ዱቄት በአብዛኛው ከዚሁ አበባ ነው። አበባው በበጋቸው ማብቂያ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ሲደምቅ እሷም ያኔ ትወጣለች።

ከአደይ አበባ ጋር ዘመድ ነው ብልዎት አይደነቁ። ኑግም፣ ሱፍም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው፤ መሐል ያለው ቢጫ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው፣ ዙሪያውን ያለው ሐምራዊ «ቅጠል»ም እንዲሁ። ከዚህ ከባሕር ዳሩ ዝርያ መካከል ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ሐምራዊ ጨርሶ የማያወጣ፣ ቢጫ ቁልፍ ብቻ ሆኖ የሚቀር አለ። ልጅዎ የላከችው ከዚያኛው ቢሆን ኖሮ በቅሎም ቅር ይልዎት ነበር።

ስለ ስሙ ትንሽ ላውራ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ትሪፖልዮን ስላለው የባሕር ዳር ተክል ሲጽፍ አበባው በቀን ሦስት ጊዜ ቀለሙን ይለውጣል ይላል። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዕፅዋት ስም ሲያወጣ ያንን ስም ለዚህ አበባ ሰጠው። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ውያለሁ፣ ቀለሙ ያው ነው። ፖስታው ላይ ያለው የሊኔየስ ስም ነው፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ትሪፖልየም ፓኖኒከም የሚለውን ነው። ለጥያቄዎ መልሱ ያለው እዚች ሁለተኛዋ ስም ውስጥ ነው። ፓኖኒያ ሮማውያን ዛሬ ሃንጋሪና ዙሪያዋ ያለበትን ምድር የጠሩበት ስም ነው። ሃንጋሪ እንደኛው ባሕር የላትም! አበባው ግን እዚያም አለ፤ በሜዳው ጨዋማ አፈር ላይ፣ በኦስትሪያና በሃንጋሪ ድንበር ባለው በኖይዚድል ሐይቅ ዳር ይበቅላል። ባሕር የግድ አያስፈልገውም ማለት ነው።

ጨውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ይህ ተክል ጨው ይችላል እንጂ ጨው አይራብም። ጨው የሌለበት የአትክልት አፈር ላይ ቢዘሩት ይበቅላል፤ እንዲያውም ለስላሳና ረጅም ይሆናል። ታዲያ ለምን ሜዳውን ሁሉ አልሞላም ካሉ፣ ሣሩ ስለሚቀድመው ነው። በመልካም አፈር ላይ ሌላው ተክል ፈጥኖ አድጎ ብርሃኑን ይሸፍንበታል። ጨዋማው ጭቃ ላይ ግን የሚገፋው የለም፤ ሌላው ሁሉ እዚያ አይቆምም። የእኛ ሰው ድንጋይ ላይ ጎጆ የሚቀልሰው ድንጋይ ወድዶ ነው እንዴ?

አቻቻሉም የራሱ ጥበብ አለው። ሥሩ ውስጥ አየር የሚያልፍባቸው ክፍት ቦታዎች ስላሉ ውሃ በሞላው ጭቃ ውስጥ ታፍኖ አይሞትም። ከውሃው ጋር የገባውን ሶዲየም፣ ጨው ከተሠራባቸው ሁለት ነገሮች አንዱን፣ ቅጠሉ በየሴሉ ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፍበታል፤ ያንን ለማቅጠን ውሃ ያጠራቅማል፣ ቅጠሉ የወፈረውም ለዚያ ነው። ጨው የሞላበትን አሮጌ ቅጠል ይጥለዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ሶዲየሙ ከልክ አልፎ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ወደሚጠብቁት ሴሎች ሲደርስ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ። ቅጠሉ ውሃ ማትነኑን ይቀንሳል፣ ሥሩም ጨዋማውን ውሃ መሳቡን ይቀንሳል። በሩን ዘግቶ ይቀመጣል እንበል። ሁሉም ወጪ ነው፤ ለዚህ የሚያወጣውን ጉልበት ለቁመቱ ሊያውለው ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ያደገው ተክል ችሎታ ነው። ዘሩ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። ዘሩ የሚበቅለው የክረምቱ ዝናብ ጨዉን ሲያቀጥንለት ነው፤ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የእርስዎ ዘር 50 ግራም ውስጥ ነው የተቀመጠው። አለመብቀሉ ጤንነቱ ነው።

ይህን ያህል ስለ አበባው። እኔን ያሳሰበኝ አፈሩ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ዱከም የሚወርደው አገር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ቤት ሲሠሩ ኢንጂነሩ «ብላክ ኮተን» ብሎ አስቆፍሮ በሰሌክት ያስሞላዎት እሱ አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት አብጦ ውሃ አያሳልፍም። ዋልካ ውስጥ ያለው ሸክላ እንደ ወረቀት በተነባበሩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹን አያይዞ ጓል ጓል የሚያደርጋቸው በዋናነት ካልሲየም ነው። ካልሲየም ሁለት እጅ አለው በሉት፤ በአንዱ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይይዛል። ሶዲየም አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው፣ ለዚያውም ዙሪያውን ብዙ ውሃ ለብሶ የሚዞር ነው። የጨዉ ሶዲየም የካልሲየሙን ቦታ ሲወስድ ቅንጣቶቹ ይለያያሉ፣ ውሃ ሲነካቸው እንደ ወተት ይሟሟሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ አየርም ሥርም የማያሳልፍ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይሆናሉ። አሸዋማ አፈር ላይ ያን ያህል ጨው ቢያፈሱ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ያጥብልዎት ነበር። ዋልካ ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ተንኮሉ ደግሞ አሁን ምንም አለመምሰሉ ነው። ጨው በጣም በበዛበት ጊዜ ሸክላው ተሰብስቦ ይቆያል፣ አፈሩ እንዲያውም ፈርፈር ያለ ይመስላል። ጉዱ የሚመጣው ሰኔ ላይ ዝናቡ ጨዉን አጥቦ ሶዲየሙን ከሸክላው ጋር ሲተወው ነው። ያኔ ይዘጋል። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

ላዩ ላይ ያለውን ነጭ ቅርፊት ሁለት ሦስት ሣንቲሜትር ያህል በአካፋ ገፈው በጆንያ ይሙሉት። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎረቤት አጥር አይጣል፣ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። ይህ ብቻውን ብዙ ጨው ያወጣልዎታል። ቀጥሎ የተፈጨ ጂፕሰም በካሬ 1 ኪሎ ገደማ በትነው ከላይኛው አፈር ጋር ያዋህዱት። ጂፕሰም ካልሲየም አለው፤ ሶዲየሙን ከሸክላው ላይ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። የኮርኒሱን ጂፕሰም አምጥተው እንዳይበትኑ፤ እሱ የተቃጠለ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፣ ሌላም ነገር ይቀላቀልበታል። የሚያስፈልግዎት ድንጋዩ እንዳለ የተፈጨው ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ደህና የበሰበሰ ፍግም ይጨምሩበት። ከዚያ መደቡን ከፍ አድርገው ዙሪያውን ቦይ ያውጡለት። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ሄደው ከሆነ ገበሬው ዋልካውን በእጁ እየጎተተ መደብና ቦይ ሲያበጅ አይተው ይሆናል፤ የእሱን ታናሽ ወንድም ይሥሩ። የተለቀቀው ሶዲየም መውጫ ከሌለው ጂፕሰሙ ምንም አይፈይድም።

ቀሪው የዝናቡ ሥራ ነው። ውሃ በደንብ ለሚያሳልፍ አፈር የሚሠራበት ግምት 30 ሣንቲሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ለማጠብ 30 ሣንቲሜትር ውሃ በውስጡ ማለፍ አለበት፣ ያኔ ከጨዉ አምስት እጁ ውስጥ አራቱ ይወርዳል የሚል ነው። በካሬ 300 ሊትር፣ አሥራ አምስት ጀሪካን ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ ይህን ልሥራ አይበሉ፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እናውቀዋለን። የአዲስ አበባ ዙሪያ ዝናብ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛውም በክረምት ይወርዳል፤ ዋልካው ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ከአንድ ክረምት በላይ ሊወስድ ይችላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ነገር ይሞክሩ። ከመደቡ ሽምብራ የሚያህል ጓል ወስደው ያድርቁ፤ በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ይቅዱና ጓሏን ቀስ ብለው ይጣሏት፣ አያማስሉት፣ እስከ ማግስቱ ይተዉት። ጓሏ ፈርሳ ውሃው ጥርት ካለ መልካም ነው። ዙሪያዋን እንደ ወተት ያለ ደመና ከከበባት ሶዲየሙ አልለቀቀም፣ ጂፕሰሙ ይደገም። አሁን ቢሞክሩት ግን ይሸነግልዎታል፤ ጨው ስላለ ውሃው ይጠራል።

ጽጌረዳው ይተርፋል ብዬ አስባለሁ፣ ጨው ከማይወዱት አንዷ ብትሆንም። በእሷና በመደቡ መካከል ቦይ ያውጡ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርገው ንጹሕ ውሃ ያጠጧት፣ ትንሽ ትንሽ በየቀኑ ማርከፍከፍ ጨዉን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የነደደውን ቅጠል ላለማየት ብለው ሁሉንም አይቁረጡባት። ደክማለች ብለው ዩሪያ እንዳይጨምሩባትም አደራ፤ ማዳበሪያም ሲበዛ እንደ ጨው ያቃጥላታል።

ቅጠሉ ይበላል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይበላል። ኔዘርላንድ ውስጥ ለገበያ ይቀርባል፣ ላምስኦር ይሉታል፤ የጠቦት ጆሮ እንደማለት ነው። ስሙን በትክክል የያዘው ሌላ የባሕር ዳር ተክል ነው፣ ገበያው ግን ለዚህ ሰጥቶታል። ለስላሳውን ቅጠል ለደቂቃ በእንፋሎት አሳልፈው ከዓሣ ጋር ያቀርቡታል። እኔ ረግረጉ ላይ ጥሬውን ቀጥፌ ቀምሼዋለሁ፤ ጎመን ላይ ጨው ያበዙበት ይመስላል። ይህ ተክል ግን ሥሩ ያገኘውን የሚሰበስብ ነው፣ ከጨዉ ጋር ከባድ ብረቶችንም ወደ ቅጠሉ ያወጣል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚጠጣ መደብ ላይ ማንም ይህን አብቅሎ እንዲበላ አልመክርም። የቆዳ ፋብሪካውና የሌላው ፋብሪካ ፍሳሽ ወዴት ሲወርድ እንደኖረ አካባቢው ሰው ያውቃል።

ለመደቡ የምመክርዎት ሌላ ነው፤ ሲያዩት ይስቃሉ። ከወንዝ አፍና ከባሕር ዳር የመጣ ተክል ከጠየቁኝ ምናልባት ጓሮዎ ውስጥ አለ። ቆስጣና ቀይ ሥር! የሁለቱም እናት በአውሮፓ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ባሕሩ በሚረጨው መሬት ላይ የሚበቅል የዱር ተክል ናት። ስኳር የሚወጣበት ቀይ ሥር መሰሉ ተክልም የእሷው ልጅ ነው። ባሕር ዳር መወለዳቸውን እስከ ዛሬ አልረሱም፤ ከጓሮ አትክልት መካከል ጨው ከሚችሉት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። እነሱም እንደ አበባዎ ዘራቸው ጨው ላይ ይሰንፋል፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ችግኝ አፍልተው ዝናቡ ካጠበው በኋላ ያዛውሯቸው። ገብስም ይሞክሩ። ባቄላ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት ግን ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ አያስጠጉ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። ቀሪው ዘር እጅዎ ላይ አለ ብዬ እገምታለሁ። ያቃጥሉት። ልጅዎ በፍቅር እንደላከችው ይገባኛል፣ ግን ዘር ያለ ፈቃድ በፖስታ ማስገባት አይቻልም። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ መሠረት ማንኛውም ዘር ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና የላኪው አገር የጤንነት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ይህ የወረቀት ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። ዘሩ ላይ ፈንገስ ወይም ነፍሳት ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል፣ ኑጋችንና ሱፋችን ዘመዶቹ ናቸው ብዬዎታለሁ፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው ሊተርፍ ይችላል።

ሌላም አለ። የዚህ አበባ ዘር ጭራ አለው፣ በነፋስ ይበራል፣ በውሃም ይንሳፈፋል። ከእርስዎ ግቢ የወጣ ጎርፍ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። እግረ መንገዱን ግን ቆቃን ያልፋል፣ በመስኖ ብዛት ጨው የወጣበትን የአሚባራን እርሻ ያልፋል። ርጥብ፣ ጨዋማ፣ ሌላ ተክል የሳሳበት መሬት ማለት እኮ ለዚህ አበባ የተዘጋጀ ቤት ነው። የቆላው ሙቀት ይገድለው ይሆናል፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ግን እንቦጭንም ሰው የወደደው ለሐምራዊ አበባው ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ መኖሩ ተመዘገበ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና ላይ፤ አባ ሳሙኤልን ደግሞ ሄደው በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። የባሕር ዳሩ አስተር በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት ያደረሰ አረም ነው አልልም፣ ያንን ያህል ክፉ ስም የለውም። መሞከሪያው ግን የእርስዎ መደብ አይሁን። የዘሩት ደግሞ ጨው ሲቀንስ ሊነቃ ስለሚችል ሐምሌና ነሐሴ ላይ መደቡን ይመልከቱ። መሬት ላይ ክብ ሠርቶ የተኛ፣ ለስላሳና ወፈር ያለ ቅጠል ካዩ ከነሥሩ ይንቀሉት።

ቀለሙን ነው የፈለጉት ወይስ ያንኑ አበባ? ቀለሙን ከሆነ አገርዎ ውስጥ አለ። ፌሊሲያ አቢሲኒካ የሚባል የደጋ ተክል አለን፣ ከባሕር ዳሩ አስተር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ዙሪያው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ መሐሉ ቢጫ፤ የሁለቱን አበባ ቀንጥሰው ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁመቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ከሥሩ እንጨት ያበጃል። ጠባዩ ግን የዘመዱ ተቃራኒ ነው። ድንጋያማ ተዳፋት ይወዳል፣ ውሃ የተኛበት ዋልካ ላይ አንድ ክረምት አይከርምም። ስለዚህ በዚያው ግቢ ሌላ ጥግ ላይ ሬድ አሽ ከአፈር ጋር ቀላቅለው ጉልበት የሚያህል ክምር ይሥሩለት፤ ቤት ሲሠሩ የተረፈ ሬድ አሽ አጥር ሥር የማይገኝበት ግቢ በዚያ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ከዱር ከነሥሩ አይንቀሉ፣ ዘሩ ሲደርስ ጥቂት መልቀም ይበቃል። ከመልቀምዎ በፊት ተክሉን በደንብ ለመለየት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄደው የአገር ውስጥ ዕፅዋቱን ቢያዩ፣ አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ የዕፅዋት ሙዚየም ባለሙያዎችም ቢጠይቁ ይጠቅምዎታል።

ሲያብብልዎት ፎቶ አንሥተው ለልጅዎ ይላኩላት፣ ምንም ሳይጽፉበት። የላከችው ዘር መስሏት ደስ ሊላት ይችላል፤ እስክትደውል ድረስ አይንገሯት።